እግርዎን ያንሱ

ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይን ነው። ቀኙ ያያል፤ ግራው ግን መብራት መብራቱን ከማወቅ አያልፍም። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ፤ ሽማግሌ አታጣድፉ። ፊደሌ ስለሚንጋደድ ልጄ ምሕረት አስተካክላ ትገለብጥልኛለች። ነገሩን ግን እንዳታሳምርብኝ አደራ ብያታለሁ።

አንጁሎ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ወላይታ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ መንገድ ነው። ከላምበረት መናኸሪያ እየተነሳሁ ወደ ደሴ፣ ወደ ወልድያ አውቶቡስ ስነዳ ጉልምስናዬ አለቀ። ጡረታ ስወጣም መሪ መልቀቅ አልሆነልኝ፤ አንዲት ያረጀች ሚኒባስ ገዛሁ። ለታክሲ አላሰማራኋትም። ለጸሎት ነው ያዋልኳት።

የቤተ ክርስቲያናችን አሮጊቶች ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ወሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ጸሎት ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩት ግን ላምበረትና መገናኛ አካባቢ ነው። የመገናኛን የታክሲ ግፊያ ደግሞ ጉልበት ያለውም አይችለው። ስለዚህ ከየደጃፋቸው እየለቀምኩ እወስዳቸዋለሁ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ እመልሳቸዋለሁ። ከመካከላቸው ተጫዋቿ እማማ ላቀች «የእግዚአብሔር ሹፌር» የሚል ስም አወጡልኝ። በሳቅ ነው ያሉት። እኔ ግን ስሙን ወደድኩት፤ ውስጥ ውስጡን ለብሼው መዞር ጀመርኩ።

አጠገቤ፣ ከፊት ወንበር፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡት እትዬ ዘነበች ናቸው። ከኋላ ሲቀመጡ መኪና ያዞራቸዋል። እትዬ ዘነበች ዓይነ ስውር ናቸው፤ ገና በልጅነታቸው በኩፍኝ ነው ያጡት። ዝምተኛ ናቸው፤ ሲናገሩ ግን ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

የእኔ ዓይን መድከም የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። በመጀመሪያ የመኪና መብራት ይበተንብኝ ጀመር። ቀጥሎ የሰው ፊት ውኃ ውስጥ እንደ ወደቀ ወረቀት ሆነብኝ። ምሕረት ነርስ ናት፤ ሳልነግራት ገባት።

«አባዬ፣ ሞራ ነው» አለችኝ። «በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነገር ነው። ሳይቆይ እንሂድ።»

እሺ አልኳት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኳት።

በዚያው ሰሞን አንድ እንግዳ አገልጋይ ቤተ ክርስቲያናችን መጣ። ሰውየውን አላማውም፤ ትሑት ሰው ነበር። የታመማችሁ ወደ ፊት ኑ ሲል ሄድኩ፤ እጁን ዓይኔ ላይ ጭኖ እያለቀሰ ጸለየልኝ። እኔም አለቀስኩ። ዓይኔን ስገልጥ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መድረኩ ላይ ያለው አበባ ቀይነቱ ታየኝ። እንባው አጥቦት ይሁን፣ ጌታ ለአፍታ ዳሶኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። «አየሁ» አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እማማ ላቀች በዚያ ወፍራም ሰውነታቸው ነጠላቸውን እያውለበለቡ ዘለሉ።

በማግስቱ ጉሙ ተመለሰ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በሕዝብ ፊት ድኛለሁ ብዬ መስክሬአለሁ። አሁን አልዳንኩም ብል ውሸታም የማደርገው ማንን ነው? ጌታን መሰለኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ ለተጸለየለት ሰው ሕመሙ ቢመለስበት «በእምነት ያዝ፣ በአፍህ አትካድ» ይባላል። እኔም ያዝኩ። ምሕረት ከሐኪም ቀጠሮ ይዛልኝ ስትመጣ «ድኛለሁ እኮ» አልኳት። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። እሷ መንጃ ፈቃድ አላት፤ ሥራዋም በፈረቃ ስለሆነ ረቡዕ ጠዋት ቤት ናት። ቢያንስ እናቶችን እኔ ልውሰዳቸው ብላ ለመነችኝ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና እጄን ከላዩ ጫንኩበት። እግዚአብሔርን ከውሸት ላድን ብዬ እኔ እዋሽ ነበር።

ታዲያ እንዴት ትነዳ ነበር ትሉኛላችሁ። በትዝታ ነዋ። ስንት ዘመን የነዳሁበትን ከተማ እጄ ያውቀዋል። ከፊቴ ያለው መኪና ሲቆም እቆማለሁ፤ ሲሄድ እሄዳለሁ፤ መብራቱ ቀይ ይሁን አረንጓዴ የሚነግረኝ እሱ ነው። ዝናብ ቢሆን እንኳ መስኮቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ለመስማት። ወሎ ሰፈር ደርሼ ወደ ጸሎት ቤቱ የምታጠፍበትን ቅያስ የማውቀው ደግሞ በአንድ አረንጓዴ ነገር ነበር። ማዕዘኑ ላይ ፎቅ ይሠራል፤ በግንባታ ላይ ያለ ፎቅ አረንጓዴ መረብ ይለብስ የለ? ለደከመ ዓይን ያ ሁሉ አረንጓዴ ከሩቅ ይጠራል። እሱን ልክ እንዳለፍኩ ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ። ከዚህ የበለጠ ዓይን አያስፈልገኝም ብዬ ነበር።

አዲስ አበባ ግን ሰው ትዝታው ላይ ተደላድሎ እንዲቀመጥ የምትፈቅድ ከተማ አይደለችም። ነገሩ በሆነበት ሳምንት ያ ፎቅ አልቆ መረቡ ወረደ። ከእሱ አልፎ ደግሞ ሌላ ፎቅ አዲስ መረብ ለበሰ። ከአዲሱ ፎቅ አጠገብ ቅያስ የለም። ያለው የሌላ ሕንፃ መሠረት የሚቆፈርበት ጉድጓድ ነው፣ በቆርቆሮ የታጠረ። ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው ያየዋል። እኔ አላየሁም።

ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ስወጣ ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ዛሬ እንኳ፣ አባዬ» አለችኝ። «ጌታ ያውቃል» ብያት ወጣሁ። ጌታ ያውቃል የሚለውን ቃል ሰው አፍ ለማዘጋት ሲጠቀምበት ምን ያህል እንደሚቀል።

ላምበረት አምስቱን እናቶች ለቀምኩ። እትዬ ዘነበች ከመገናኛ ወጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ወደ ቦሌ የሚወስደውን ቀለበት መንገድ ስንይዝ ከኋላ መዝሙር ተነሣ። በመዝሙሩ ሥር እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ይሄ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ?»

«አይ፣ ሲዘገይ ይዘገያሉ፣ ሲፈጥን ይፈጥናሉ። እሱ ሐዋሳ ቢገባ እኛም ሐዋሳ መግባታችን ነው ብዬ ነው።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«መስኮትዎ ተከፍቶ ዝናብ እየገባ ነው» አሉ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው። «ሲያወሩም ፊትዎ ወደ ውጭ ነው፤ ድምፅዎ ዞሮ ነው የሚመጣልኝ። እኔ መንገድ ስሻገር የማደርገውን ነው እኮ የሚያደርጉት።»

ከኋላ ያሉት ዓይናማ እናቶች አንዳቸውም ያላዩትን እኚህ ሴት ሰሙት። ልክድ አሰብኩና አፌ እምቢ አለ። «እባክዎ፣ ለማንም አይንገሩብኝ» ብቻ አልኳቸው።

«እኔ አልናገርም» አሉ። «እርስዎ ግን ዝም ብለው አይኑሩ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። በልቤ ግን እጸልይ ነበር። ጌታ ሆይ፣ እነዚህ ያንተ እናቶች ናቸው፣ አድርሰኝ እል ነበር። ጸሎቴ ሁሉ አድርሰኝ ነበር። አቁመኝ ብዬ መጸለይ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ቦሌ መንገድ ገብተን ቁልቁል ስንወርድ ያ የጭነት መኪና ወደ ሌላ ታጠፈ። የሚመራኝ አጣሁ። የመስታወቱ መጥረጊያ ይመላለሳል፤ ከፊቴ ያለው ሁሉ አመድ ነው። ወሎ ሰፈር መድረሳችንን ያወቅሁት በጋራዦቹ የብረት ድምፅ ነው። አረንጓዴዬን በዓይኔ ፈለግሁ። ቆየብኝ። ዛሬ የራቀ መሰለኝ፤ ዝናቡ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ጋሽ አንጁሎ» አሉ እትዬ ዘነበች። «የእኛ ቅያስ ጋ የሚበይዱ ልጆች አሉ። ድምፃቸው ከኋላችን ቀረ። አለፍነው መሰለኝ።»

ያኔ አረንጓዴው ብቅ አለ።

«አይ፣ አየሁት» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት። አረንጓዴውን አለፍኩና ወደ ቀኝ አጠፍኩ።

ጎማው ጠጠር ነካ። ጭቃ ነካ። ቀጥሎ ቆርቆሮ ሲገነጠል የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ፤ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት፤ መኪናዋ ተንሸራታ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፋችና ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። መዝሙሩም ጠፋ። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ከፊት ያለነው ሁለታችን ነን፤ ሁለታችንም አናይም። ለእኔ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ቡኒ ነገር ብቻ ነው፤ መሬት ይሁን አየር አይታወቀኝም። ከቀኙ ጎማ ሥር ድንጋይ ተንሸራቶ ወረደ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን አንሥተው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝና አዳመጡ። ድንጋዩ ቆይቶ፣ ሩቅ ታች፣ ውኃ ውስጥ ገባ።

«ጥልቅ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «እግርዎን ከፍሬኑ እንዳያነሱ።»

ከኋላ ዋይታ ተጀመረ። እናቶች ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ በሩ ደግሞ በጉድጓዱ በኩል ነው። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። በዚህ ጊዜ ከኋላችን የወንድ ድምፅ ተሰማ፣ የማይጣደፍ።

«እናቶቼ፣ አብሽሩ። ማንም በሩን እንዳይነካ። ሁላችሁም ቀስ ብላችሁ ወደ መጨረሻው ወንበር ሂዱ። መኪናዋን የያዛት የእናንተ ክብደት ነው።»

ሰውየው ያሲን ይባላል፤ ወሎዬ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ አለው። ቆርቆሮው ሲቀደድ ሰምቶ ከሠራተኞቹ ጋር ሮጦ መምጣቱ ነው። ስሙን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ የማውቀው ድምፁን ብቻ ነበር።

«ከባድ የምትሉት ሰው መጀመሪያ ይሂድ» አለ።

«እሰይ» አሉ እማማ ላቀች። «ዛሬስ ውፍረቴን የሚፈልገው ሰው ተገኘ።» ሄደው ኋላ ተቀመጡ። የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ቀና ሲል በወንበሬ ሥር ተሰማኝ።

እናቶች ጮክ ብለው መጸለይ ጀመሩ። የእኛን ጸሎት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰውነት አብሮ ነው የሚጸልየው። መኪናዋ እንደ አልጋ መወዛወዝ ጀመረች።

«ጸልዩ፣ እናቶቼ፣ እኔም እየጸለይኩ ነው» አለ ያሲን። «ግን ሳትንቀሳቀሱ።»

«ሳልንቀሳቀስ ጸልዬ አላውቅም» አሉ እማማ ላቀች። ቢሆንም ሁሉም ረጉ።

ያሲን በእኔ በኩል ወደ መስኮቱ መጣ። የእጅ ፍሬኑን ይሳቡት አለኝ። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል አልኩት። እንግዲያውስ ይህችን መኪና የያዛት የእርስዎ እግር ብቻ ነው ማለት ነው አለኝና ምን እንደሚያደርግ ነገረኝ። ከኋላ በወፍራም ገመድ ያስራታል፤ ገመዱን የጭነት መኪና ይስበዋል። ገመዱ ሲወጠር እኔ ማርሹን ፎሌ፣ ማለትም ነጻ፣ አድርጌ ፍሬኑን መልቀቅ አለብኝ። ፍሬን እንደያዝኩ ቢጎትቱኝ ገመዱ ይበጠሳል፤ ቀድሜ ብለቅ ደግሞ እንሄዳለን። መሪውን እንዳልነካም አስጠነቀቀኝ። «መንዳቱን ለእኛ ይተዉት» አለ።

ሲያስሩ ቆዩ። እግሬ እንዳይለቅ ጉልበቴን በእጄ ጫንኩት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የጭነት መኪናው መጥቶ ከኋላ ሲያጓራ ሰማሁ። ያሲንም ከኋላ ሆኖ ተጣራ።

«አባባ፣ በስፖኪዮው ገመዱን ይዩት። ተወጥሯል። ሲያዩት ይልቀቁ።»

ስፖኪዮውን፣ የጎን መስታወቱን፣ አየሁት። ቀና ብዬ በደንብ አየሁት። ዝናብና አመድ ብቻ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሕይወቴ ለሁለት የተከፈለው እዚህች ላይ ነው። አየሁት ማለት እችል ነበር። አንዴ ብዬዋለሁ፤ ምላሴ መንገዱን ያውቀዋል። ከኋላዬ ደግሞ ያን ዕለት እልል ያሉልኝ እናቶች ተቀምጠዋል።

«አይታየኝም» አልኩ።

«ዝናቡ ነው፣ አባባ?»

«አይደለም፣ ልጄ። ዓይኔ ነው። አያይም። ካየሁ ቆየሁ።»

ዝናቡ ጣራውን ይቀጠቅጣል። አንዲቷ እናት ብቻ «ኢየሱስ» አሉ በቀስታ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

«እንግዲያው ዓይን አያስፈልግም» አለ ያሲን፣ ድምፁ ሳይለወጥ። «እኔን ይስሙኝ። ገመዱ ይዞዎታል። ይልቀቁ።»

ልለቅ ፈለግሁ። እግሬ እምቢ አለ። እየዋሸኋችሁ አይደለም፤ እግሬ የእኔ አልሆን አለ። ዘመኔን ሁሉ አደጋ ሲመጣ ርገጥ ብዬ ያስተማርኩት እግር ነው፤ አሁን አደጋው መሐል ልቀቅ ስለው ከየት አምጥቶ ያምነኛል? የማላየውን ገመድ፣ የማላውቀውን ሰው።

ያኔ እትዬ ዘነበች እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን አገኙት። እጃቸው ሞቃት ነበር። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አዘንብለው ጥቂት አዳመጡ።

«ሰማሁት» አሉ። «ገመዱ እያቃሰተ ነው። ተወጥሯል። እግርዎን ያንሱ፣ ጋሽ አንጁሎ።»

አነሣሁ።

መኪናዋ ወደ ፊት ወረደች። ስንዝር ብትሆን ነው፤ ለእኔ ግን የሞት ያህል ነበር። ወዲያው ከኋላዬ ኃይለኛ ነገር አንቆ ያዘን፤ ብረቱ ጮኸ፤ ከዚያ ቀስ እያልን፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ምንም ሳልሠራ፣ ወደ ኋላ ሄድን። ቀኙ ጎማ መሬት ሲነካ ሁላችንም ተሰማን። እማማ ላቀች ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመሩት።

ያሲን ሁላችንንም ወደ ጋራዡ ወሰደን። ሳጥን እየገለበጡ አስቀመጡን፤ ትኩስ ሻይ አመጡልን። እናቶች እዚያው፣ በጎማና በዘይት ጣሳ መሐል፣ የረቡዕን ጸሎት ጸለዩ፤ ያሲንም የቀትሩ የዙህር ሶላት ሰዓት ሲደርስ ከጥጉ ምንጣፉን አነጠፈ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ መንጃ ፈቃዴን ጠየቀኝ። አውጥቼ ሰጠሁት፤ መልሱልኝም አላልኩ። ምሕረት ደውለውላት ስትመጣ ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ ተንበርክካ የረጠበ ካልሲዬን አወለቀችልኝ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።

እሁድ ዕለት መጋቢያችንን መናገር እፈልጋለሁ አልኩት። ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጄ ያዝኩት። «እዚህ ቆሜ አየሁ ብያችሁ ነበር። በማግስቱ አላየሁም። ሳላይ እናቶቻችሁን ስነዳ ነበር። ይቅር በሉኝ» አልኩ። እልልታ አልነበረም። መጋቢው ወርዶ አቀፈኝና፣ እልል ካለልኝ በኋላ እሱም አንድም ቀን እንዴት ነህ ብሎ እንዳልጠየቀኝ በጆሮዬ ነገረኝ። ስንወጣ ደግሞ አንድ ጎልማሳ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «ጋሼ» አለኝ ግራ ቀኙን አይቶ፣ «እኔም ተጸልዮልኝ የስኳር መድኃኒቴን ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።» ሄዷል። ዛሬም ደኅና ነው።

እኔም ሄድኩ። የቀኙ ዓይኔ ሞራ ተገፎ ብርሃኑ መጣ። ግራው ግን ከሞራው ሌላ የውስጥ ግፊት ነበረበት፤ ሐኪሟ «ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» አለች።

ሰዎች እግዚአብሔር ቀጣህ ወይ ይሉኛል። አዎን፣ ቀጣኝ። ግን እንዴት እንደቀጣኝ ልንገራችሁ። ድሮ የጌታ ቅጣት ገፍቶ ገደል የሚጥል ይመስለኝ ነበር። ያን ጉድጓድ የቆፈረው ባለ ሕንፃው ነው፤ ወደ ጉድጓዱ የነዳሁትም እኔው ነኝ። የጌታ ቅጣቱ ገመዱ ነው። ገመድ ሲይዝ ያማል፤ የመኪናዬ የኋላ ብረት እንደተጣመመ ቀርቷል፣ የእኔም ስም እንደዚሁ። የዕብራውያን መልእክት አባት የሚወደውን ልጅ ይቀጣል ሲል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ቅጣቱ ሲመጣ እንደሚያሳዝን፣ ኋላ ግን የሰላም ፍሬ እንደሚያፈራ። ሰምቼ አሜን ብያለሁ። ሰው አሜን ያለውን ነገር ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል።

ለፈውስ መጸለይን ትቻለሁ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ለታመመ ሰው እጄን እጭናለሁ። ስጨርስ ግን አየህ ወይ ብዬ አልጠይቀውም፤ ነገ መጥቼ አይሃለሁ እለዋለሁ፤ በማግስቱም እሄዳለሁ። እናንተም በቤታችሁ ድኛለሁ ብሎ ዝም ያለ ሰው ካለ፣ እልል ካላችሁለት በኋላ ጠይቁት። ፈርቶ ይሆናል።

ጌታ ለጴጥሮስ፣ ወጣት ሳለህ ወደምትወደው ትሄድ ነበር፣ ስትሸመግል ግን እጅህን ትዘረጋለህ፣ ሌላው ወደማትወደው ይወስድሃል ያለው ነገር አለ። ይህን ቃል አልወደውም ነበር። አሁን ረቡዕ ረቡዕ እየኖርኩት ነው።

ሚኒባሷን ያሲን ጠግኗታል፤ የእጅ ፍሬኗን ሳይቀር። የምትነዳው ምሕረት ናት። እትዬ ዘነበች እንደ ወትሮው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከእማማ ላቀች ጎን። እማማ ላቀች «የእግዚአብሔር ሹፌር» የሚለውን ስም ለምሕረት አዛወሩት፤ እኔን «ጭነት» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ በነዳችበት ረቡዕ ቀለበት መንገዱ ላይ አንድ ታክሲ ድንገት ገባባት። ልጄ ሳትደነግጥ ዘገየች። እኔ ግን የመኪናውን ወለል በቀኝ እግሬ እስኪያመኝ ረገጥኩት።

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ሳያዞሩ ተጣሩ።

«ጋሽ አንጁሎ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«እግርዎን ያንሱ።»

አነሣሁ። በሚቀጥለው መታጠፊያ መልሼ ረገጥኩ። መልሼ አነሣሁ።